የምስጋና ደብዳቤው ሳይሆን ሥራው ይመዘን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጋዜጣችሁን ከዳር እስከ ዳር የማንበብ ዕድል አግኝቻለሁ። ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚጻፈውን ሳነብ ግን የሚገርመኝ ነገር አለ። የሚነሳው ሁልጊዜ ኅትመት ነው፤ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ስንት ጥናት አወጣ፣ በዓለም ስንተኛ ሆነ፣ ስንት ሰው ፕሮፌሰር ተባለ። ገንዘብ የከፈላቸውን ሰው ጽሑፍ ሁሉ ሳያነቡ የሚያትሙ ጆርናሎችን የሚተቹ ጽሑፎችም አልፎ አልፎ ይወጣሉ፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። የመምህሩን ሦስተኛ ሥራ አንስቶ «ይሄስ እንዴት ነው የሚመዘነው?» ያለ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሌላው ዝም ካለ እኔ ልበል ብዬ ነው።

ሦስተኛው ሥራ የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ፣ የ2001ዱ ቁጥር 650ም ሆነ እሱን የተካው የ2011ዱ ቁጥር 1152፣ ከማስተማርና ከምርምር ጋር አብሮ ያነሳዋል። በደረጃ ዕድገት መመሪያዎችም ላይ ነጥብ አለው። ስለዚህ «ጭራሽ አልታወቀም» ብዬ አልከራከርም። ክርክሬ አመዛዘኑ ላይ ነው።

በደቡብ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የሰብል በሽታ ሳስተምር ኖሬአለሁ። በኮሌጁ የመምህራን ደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ውስጥም ለረጅም ጊዜ ተቀምጫለሁ። ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከረዳት ፕሮፌሰር ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር ለማለፍ የሚቀርቡ ፋይሎች በእጄ አልፈዋል። ፋይሉ ሲከፈት ማመልከቻው ይቀድማል፤ ከዚያ የተማሪዎች ግምገማ ውጤት፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊውና የባልደረቦች ግምገማ፣ ከዚያ ኅትመቱ። ኅትመቱ ላይ ስንደርስ ሁላችንም መነጽራችንን እናስተካክላለን። ጆርናሉ የታወቀ ነው ወይ? አመልካቹ ስንተኛ ጸሐፊ ነው? ከመመረቂያ ጥናቱ ቆርሶ ነው ወይስ አዲስ ሥራ ነው? ለከፍተኛዎቹ ማዕረጎች ሲሆን ደግሞ ጽሑፉ ለውጭ ገምጋሚዎች ይላካል፤ መልሳቸው እስኪመጣ ወራት ይጠበቃል። የማኅበረሰብ አገልግሎቱ ተራ ሲደርስ ግን ሻይ እየጠጣን ነው። የሚጠየቀውም አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ደብዳቤ አለው?»

ደብዳቤ የሌለው የለም። ወረዳው ይጽፋል፣ ቀበሌው ይጽፋል፣ ትምህርት ቤቱ ይጽፋል። ማኅተምና ፊርማ ካለበት ነጥቡ ይያዛል። ክረምት ላይ አንድ ቀን ችግኝ ሊተክል የወጣ መምህር ባነር ይዞ ፎቶ ይነሳና ሰርተፍኬቱን ተቀብሎ ይመለሳል፤ ችግኙ ይጽደቅ አይጽደቅ በፋይሉ ውስጥ የለም። በወረዳ አዳራሽ የሁለት ቀን ሥልጠና የሰጠም እንዲሁ። ሥልጠናው ስለ ምን እንደነበር በደብዳቤው ላይ «አቅም ግንባታ» ከሚለው በላይ የተጻፈበትን ብዙም አላየሁም። እነዚህን ሰዎች አልወቅሳቸውም፤ መመሪያው የጠየቃቸውን አቅርበዋል።

አሁን ስለ አንድ ባልደረባችን ልንገራችሁ። ማስተርሱን በዕፅዋት ጥበቃ የሠራ፣ ዝምተኛ፣ በስብሰባ ላይ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነበር። ሥራው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ላይ ነበር። ከእንሰት አካባቢ ላልሆነ አንባቢ ትንሽ ላብራራ። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው ከዚህ ተክል ጋር የተያያዘ ነው ይባላል፤ ቆጮው፣ ቡላው፣ አሚቾው፣ ለከብት የሚሆነው ቅጠል፣ ለገመድ የሚሆነው ቃጫ ሁሉ ከእሱ ነው። ለምግብ እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። አጠውልግ የሚባለው በሽታ ሲገባበት መጀመሪያ መሀል ያለው ቅጠል ይጠወልጋል፤ ቅጠሉን ከሥሩ ሲቆርጡት ቢጫ መሳይ ፈሳሽ ያዣል፤ ከዚያ ተክሉ ይሞታል። መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑ በሳይንስ ጽሑፍ ላይ የሰፈረው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። የሚረጭ መድኃኒት የለውም። ምክሩ ግን አጭር ነው፤ ቢላውን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ፣ የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ መቅበር፣ ቅጠሉን ለከብት አለመስጠት፣ ከታመመ ማሳ ችግኝ አለመውሰድ። ይህን የማያውቅ የዕፅዋት ጥበቃ ተማሪ የለም።

እንዲህ ከታወቀ ታዲያ በሽታው ለምን አይቆምም? ባልደረባችን የያዘው ጥያቄ ይህ ነበር፤ መልሱንም ቤተ ሙከራ ውስጥ አላገኘውም። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚሄድበት መንደር መጀመሪያ ሰብስቦ ያነጋገረው ወንዶቹን ነበር፤ ስብሰባ ሲጠራ የሚመጡት እነሱ ናቸውና። ቢላውን የሚይዙት ግን ሴቶቹ ናቸው። እንሰት ሲፋቅ ጎረቤት ከጎረቤት ተሰባስቦ ነው፤ ቢላውም መፋቂያውም ከአንዷ ማሳ ወደ ሌላዋ በውሰት ይዞራል፤ በሽታውም አብሮ ይዞራል። ይህን ከተረዳ በኋላ ሴቶቹ ቡና ወደሚጠጡበት ገባ። ከአንዲት ሴት የልማት ሠራተኛ ጋር ሆኖ ከሴቶቹ ዘንድ ተቀመጠ። አንዲት እናት መጀመሪያ ያሉትን ራሱ ነው የነገረኝ፤ «ልጄ፣ ባለፈው የመጡትም እንዲሁ ደህና አድርገው አስተምረውን፣ ፎቶ አንስተውን ሄደዋል።»

ከባዱ ቢላው አልነበረም፤ መንቀሉ ነበር። አምስት ዓመት የደከሙበትን ተክል፣ ገና ግማሹ ደህና መስሎ እየታየ፣ ነቅለሽ ቅበሪ ሲባሉ የሚሰማቸውን አስቡት። ፈጥነው ቢፍቁት ትንሽ ቆጮ ሊያገኙበት ይችላሉ። ቢነቅሉም ጎረቤት ካልነቀለ ድካማቸው ከንቱ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ቤት ውሳኔ ሊሆን አይችልም። ባልደረባችን ዕድሩ ዘንድ ሄደ። ዳኛውን ለማሳመን ምን ያህል እንደለፋ እኔ ልናገርለት አልችልም፤ ብቻ በመጨረሻ ዕድሩ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመረበት። የታመመ እንሰት ያልነቀለ ይቀጣል፤ ለነቀለች ቤት ደግሞ ሌሎቹ ከደህና ማሳቸው ችግኝ ያዋጣሉ። በሚፋቅበት ቦታም ፍም የያዘ ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል፤ ቢላ ሳይለበለብ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። ሄጄ አይቻለሁ። በሽታው ጠፋ አልልም፤ አዲስ የሚጠወልገው ግን በዓይን በሚታይ ሁኔታ ቀንሶ ነበር።

ይህ ልጅ ለረዳት ፕሮፌሰርነት ሲያመለክት ኅትመት ጎደለው። ስለ መንደሩ ሥራ የጻፈውን ጽሑፍ ወደ ጆርናል ልኮት ነበር፤ «ምን አዲስ ነገር አለው?» ተብሎ ተመልሶለታል። ጆርናሉ አልተሳሳተም። አዲስ የባክቴሪያ ዝርያ አላገኘም፣ አዲስ ዘዴም አልፈጠረም፤ ከ1968 ጀምሮ ሲታወቅ የኖረውን ነገር ሰው እንዲያደርገው አደረገ። ኅትመቱ እንኳ ቢጎድል በአገልግሎት ነጥብ ይካካስለት እንደሆነ እንይ ተባለ። ያቀረበው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ዕድሩ በመስመር ወረቀት ላይ በእጅ ጽፎ የሰጠው። ያን ቀን የተነሳው ክርክር አሁንም ያስቀኛል፣ ያሳዝነኛልም፦ «ዕድር እንደ ተቋም ይቆጠራል ወይ? ማኅተሙስ ሕጋዊ ነው ወይ?» በዚያው ዙር ያለፈ ሌላ አመልካች በወፍራም ካርቶን ላይ የታተሙ ሰርተፍኬቶች ነበሩት፤ ከልጁ የተሻለ የአገልግሎት ነጥብ ተያዘለት። ዕድገቱ በምርምሩ ይገባዋል፣ አልቃወምም፤ አገልግሎቱ ግን የችግኝ ተከላና የሥልጠና መክፈቻ ንግግር ነበር። ባልደረባችን ጥቂት ቆይቶ የተሻለ ደመወዝ ወደሚከፍል ድርጅት ሄደ። ማስተማሩንም አጣነው።

ይኸው በሽታ በ2001 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ታይቶ አገሪቱን አስጨንቋል። እዚያም በሽታው ሲዛመት ከነበረባቸው መንገዶች አንዱ የገበሬው ቢላ ነበር። ያን ጊዜ ዓለም አቀፍ ጆርናሎች ስለ በሽታው ብዙ ጽፈዋል፤ ጎረቤትን ከጎረቤት አስማምቶ በሽታውን የመያዝን ልምድ ግን የሚጽፈው ማን ነው? ከጻፈውስ የት ያትመዋል?

አለማያ የግብርና ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ስንማር የቆዩ መምህራን የሚያወሩት ነገር ነበር። ኮሌጁ የተመሠረተው በ1952 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። የኦክላሆማው ኮሌጅ በበኩሉ፣ በ1862 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት መንግሥት መሬት እየሰጠ ካቋቋማቸው አንዱ ነው። የእነዚህ ኮሌጆች ልማድ ማስተማሩን፣ ምርምሩንና ለገበሬው ማድረሱን በአንድ ጣሪያ ሥር መያዝ ነው። ወደ አገራችንም የመጣው ከነሦስቱ ነው፤ ለገበሬው ትምህርት የሚያደርሱትን ሠራተኞች ያሰማራ የነበረው ራሱ ኮሌጁ ነበር። በ1963 እ.ኤ.አ. ይህ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። በ1966 ደግሞ ለምርምሩ ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ውሳኔዎቹ የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ግን በእኔ ግምት የዛሬው መምህር ወደ መንደር መሄድን እንደ ትርፍ ሥራ ማየት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ተማሪውን በተመለከተማ ጉዳዩ ሌላ ነበር። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው በቡድን ሆነው በየጤና ጣቢያው እየሠሩ እንዲማሩ ተደርጎ ነው። ጅማም ትምህርቱን ከማኅበረሰብ ጋር አስተሳስሮ ስሙን ያስጠራው በኋላ በዚህ መንገድ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪው አንድ ዓመት በየገጠሩና በየከተማው ካላገለገለ ዲግሪ አይሰጠውም ነበር። የተማሪው አገልግሎት ለዲግሪው መስፈርት ሆኖ ሳለ የመምህሩ አገልግሎት ለማዕረጉ የሻይ ሰዓት ጉዳይ የሆነበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አንዳንዱ አንባቢ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ሊያነሳብኝ ይችላል። እሳቸው በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የበሽታውን ነገር በእንዶድ መመርመር የጀመሩት፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። «እንግዲህ ወደ ሕዝቡ የወረደ ምሁር ግኝት ይዞ ይመለሳል፤ ለአገልግሎት የተለየ ነጥብ ምን ያስፈልጋል?» ይባል ይሆናል። የአክሊሉ ምሳሌ ለእኔ ክርክር አይሆንም፤ ለተቃራኒውም አይሆንም። ግኝት ያለበት ሥራ ዘግይቶም ቢሆን መንገዱን ያገኛል። እኔ የምለው ግኝት ስለሌለበት አገልግሎት ነው።

ከግብርና ውጭም ያው ነው። በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤቶች የከፈቷቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ። በአንዱ የምትሠራ መምህርት አውቃለሁ። ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የቀለብ ክስ ትጽፋለች፣ የባሏ ወንድሞች ከመሬቷ ያስነሷትን መበለት ታዳምጣለች፣ ደመወዟን ለተከለከለች የቤት ሠራተኛ ማመልከቻ ታዘጋጃለች። ይግባኝ የሚቀርብበት ቀን ሊያልፍ ሲል ክፍል አስቀይራ የምትሮጥበት ጊዜ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። እየተከፈለው ለሚሠራው ጠበቃ ሰዓቱ ተቆጥሮ የተጠየቀውን አገልግሎት እሷ በወር ውስጥ ትጨርሰዋለች፤ በፋይሏ ላይ የሚታየው ግን የአንድ ሰርተፍኬት ያህል ነው። (እግረ መንገዴን፦ እኔ ባየኋቸው ፋይሎች እንዲህ ያለው ድካም ያለበት አገልግሎት በብዛት የሴት መምህራን ነው፤ ባነሩ ፊት የሚቆሙት ደግሞ በብዛት ወንዶች ናቸው። የፈለገ ይቆጣ።)

አሜሪካ የሚያስተምር የወንድሜ ልጅ እዚያ ጉዳዩ ከማዕረግም ያለፈ እንደሆነ ይነግረኛል። መምህሩ ከተቀጠረ በስድስት ዓመት ገደማ ሥራው ተገምግሞ ወይ ቴኑር የሚሉትን የዘለቄታ ዋስትና ያገኛል፣ ወይ ይሰናበታል። ምርምር፣ ማስተማርና አገልግሎት እዚያም በወረቀት ሦስት ናቸው፤ ሦስተኛው እዚያም የመጨረሻ ነው ይለኛል። ሆኖም ለገበሬው በማድረስ ሥራ ላይ የተመደቡ መምህራን በሥራቸው ልክ የሚገመገሙበት መስፈርት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች እዚያ አሉ። እኛ ሥርዓቱን ስንቀዳ ይህንን ትተን የቀዳን ይመስለኛል።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ፤ በኮሚቴው ውስጥ ሰምቼዋለሁ። «ይህን በር ከከፈትነው ምርምር የማይችል ሁሉ በአገልግሎት ፕሮፌሰር ይሆናል» የሚለው አንዱ ነው። ሌላው የበለጠ ያስፈራኛል። በየዘመኑ ማገልገል ማለት የታዘዘበት ስብሰባ መገኘት፣ የታዘዘበት ዘመቻ መውጣት፣ ለቀበሌ ሊቀመንበር መታየት ሆኖ ያውቃል። ነጥቡ ከፍ ቢል ይህ ሁሉ ተሰልፎ ወደ ፋይሉ ይገባል፤ ያን ጊዜ ከኅትመቱ ይልቅ የከፋ ነገር እንገመግማለን። ስጋቱ ትክክል ነው። ግን የዛሬው አሠራር ለዚህ ነው በሩን የከፈተው፤ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ብቻ የሚጠይቅ ሥርዓት ለታዛዥ ሰው የተመቸ ነው። የሕግ መምህርቷን የሚያመሰግናት ባለሥልጣን ላይኖር ይችላል፤ የምትሟገታቸው አንዳንዶቹ እነሱ ናቸውና።

ስለዚህ የምጠይቀው አገልግሎቱ እንደ ኅትመቱ እንዲመረመር ነው። አመልካቹ ጥቂት ገጽ ይጻፍ፤ ችግሩ ምን ነበር፣ ማንን ጠየቀ፣ ምን አደረገ፣ ምን ተለወጠ፣ ምን አልሠራለትም። በተለይ የመጨረሻውን ጥያቄ ያለ ሐሰት መመለስ የሚችለው በእርግጥ የሠራ ሰው ነው። ጽሑፉ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ላለ የሙያው ሰው ይላክ። ከኮሚቴው ደግሞ አንድ ሰው ቦታው ድረስ ይሂድ፤ ሊቀመንበሩን ሳይሆን ቢላ የያዙትን ሴቶች፣ በፍርድ ቤቱ በረንዳ የተቀመጡትን ባለጉዳዮች ያነጋግር። ይህን ያለፈ ሥራ በአንድ የጆርናል ጽሑፍ ቦታ ይያዝ፤ ሁሉንም ኅትመት ይተካ አላልኩም። የአንድ ቀን ችግኝ ተከላ፣ የመክፈቻ ንግግርና የስብሰባ ተሳትፎ ነጥባቸው ዜሮ ይሁን፤ መትከሉንም መናገሩንም ማንም አይከለክልም። ለረጅም ጊዜ አገልግሎት የያዘ መምህር ደግሞ የማስተማር ሰዓቱ ይቀነስለት፤ ለትምህርት ክፍል ኃላፊ ይቀነስለት የለ?

«ይህን ሁሉ ፋይል ማን ያነባል? ማንስ ገጠር ድረስ ይሄዳል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። በየከተማው ጡረታ ወጥተን የተቀመጥን መምህራን ጥቂት አይደለንም። ዓይናችን ከነመነጽሩ ያነባል፤ መንደሮቹንም እናውቃቸዋለን። እኔ በበኩሌ ጉልበቴ ዳገት ላይ ቢያስቸግረኝም መኪና ከቀረበልኝ እሄዳለሁ። የውሎ አበሉን ነገር በኋላ እንነጋገራለን።

ስሜንና አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ለብቻ ልኬአለሁ፤ በጋዜጣው ላይ ባይወጣ እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የዕፅዋት ሳይንስ መምህር